አቡጊዳ በታብሌት፦ ለንባብ ክፍላችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ የአማርኛ መጽሐፉን ገልጦ ምንባቡን ሲወርደው ብታዩ እንዳትሸወዱ። ጣቱን በመስመሩ ላይ እያሳለፈ፣ ሳይደነቃቀፍ ይጨርሰዋል። ከዚያ ከመሐል አንዲት ቃል ጠቁሙና «ይቺስ ምን ትላለች?» በሉት። ዝም ይላል። ወይም ከላይ ጀምሮ በልቡ እየወጣ ቃሏ ጋ ሲደርስ ይነግራችኋል። ጓደኞቹ ሲያነቡ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል እንጂ ማንበብ ገና አልቻለም።

እዚህ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ፣ የሰፈራችን እድር በፈቀደልን አንዲት ክፍል የምንረዳቸው እንዲህ ያሉ ልጆችን ነው። ጠዋት የሚማሩት ከሰዓት፣ ከሰዓት የሚማሩት ጠዋት ይመጣሉ። ሰነፎች አይደሉም። ሒሳብ በቃል ብትጠይቋቸው ከትልቅ ሰው የሚቀድሙ አሉ። አንዳንዶቹ በኮሮናና በጸጥታው ችግር ትምህርታቸው ተቆራርጦባቸዋል። አንዳንዶቹ ባለሙያዎች ዲስሌክሲያ የሚሉት ችግር አለባቸው። ይህ ችግር ያለበት ልጅ አእምሮው ንቁ ነው፤ ድምፅንና ፊደልን ማገናኘት ግን ይከብደዋል። ጥቁር ሰሌዳው ስለማይታየው ብቻ ወደኋላ የቀረም አለ። ስለዚህ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑን እንዲያስመረምር ለወላጁ እንነግራለን።

ፊደላችን ውብ ነው፤ ለጀማሪ ግን ብዙ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ልዩነታቸውም አንዳንዴ የአንዲት ጭረት ጉዳይ ነው። ቢ እና ቤን አስተያዩአቸው። አንዱ እግሩ ሥር ጭረት፣ ሌላው ቀለበት አለው፤ በቃ። ሳድሱማ ጭራሽ አንድ ወጥ መልክ የለውም። ልጁ ሀሁን በዜማ እየተቀባበለ ሊያደርሰው ይችላል። ብቻዋን የተጻፈች «ቤ» ስታጋጥመው ግን ከ«በ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያውቃትም።

የድሮ የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሀሁን በዜማ የተወጣውን ልጅ በዚያ ብቻ አያምኑትም። ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲባል ቅደም ተከተሉ ስለሚበጠበጥ ዜማው አያድነውም። የግድ ፊደሉን ማየት አለበት። የቤተ ክህነት ትምህርት ማዕከል በሆነችው ከተማችን ይህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም።

የምንጠቀምበት ሶፍትዌር የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ልጁ የጆሮ ማዳመጫ ያደርጋል። «ቢ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ስክሪኑ ላይ አራት ፊደላት ይመጣሉ። አንዱን ይመርጣል። ከተሳሳተ ትክክለኛው ይበራና ድምፁ ይደገማል። ትንሽ ቆይቶ ያችው ፊደል ተመልሳ ትመጣለች። የትኛው ከየትኛው እንደተምታታበት ፕሮግራሙ ይመዘግባል። በጎ ፈቃደኛውም ያንን አይቶ የሚቀጥለውን ልምምድ ያዘጋጃል። ሃምሳና ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንድ መምህር ይህን ለእያንዳንዱ ልጅ ላድርግ ቢል ከየት አባቱ ጊዜ ያመጣል?

ሌላም ጥቅም አለው። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ መጀመሪያ ስትመጣ ስክሪኑን በመዳፏ እየሸፈነች ነበር የምትሠራው። ክፍል ውስጥ በተሳሳተች ቁጥር ስለሚስቁባት አጠገቧ ያለው ልጅ እንዳያይባት ፈርታ ነው። ማሽኑ አይስቅም፣ አይቆጣም፣ አይሰለችም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እጇን አነሳች። አሁን ድምፁን ተከትላ ጮክ ብላ ትደግማለች፤ እንዲያውም ቀስ በይ እንላታለን።

ነገሩ ሌላም ቦታ ተሞክሯል። ታንዛኒያ ውስጥ በታንጋ ክልል መንደሮች ኤክስፕራይዝ የተባለ ድርጅት እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ባካሄደው የትምህርት ሶፍትዌር ውድድር ልጆች የስዋሂሊ ንባብ የሚያስተምሩ ታብሌቶች ተሰጥቷቸው ነበር። ሲጀመር ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር። ከ15 ወር በኋላ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። የተማሩት በሚሰሙት ቋንቋ መሆኑን ልብ በሉ።

መሣሪያ ብቻውን ተአምር ይሠራል ብለን ግን አንዋሻችሁም። ግራፎጌም የሚባል ፊንላንድ ውስጥ የተጀመረ የንባብ ጨዋታ አለ። በእሱ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በ2020 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ሲታዩ፣ ውጤቱ የተሻለ የነበረው አዋቂ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ያገዛቸው ልጆች ላይ ነው። ስለዚህ በኛ ክፍል ልጁ ስክሪን ላይ የሚቆየው ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። ከዚያ ከበጎ ፈቃደኛው ጋር ወደ ወረቀት መጽሐፍ ይሻገራል።

አሁን ያሉን ሁለት አሮጌ ላፕቶፖች ናቸው። ልጆቹ ተራ ሲጠብቁ ሰዓታቸው ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ይቆማል። የሚያስፈልገን 12 ታብሌት፣ በቁጥራቸው ልክ የጆሮ ማዳመጫ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ትንሽ ሶላርና ባትሪ፣ እንዲሁም የሚቆለፍ ብረት ሳጥን ነው። አጫጭር የአማርኛ የልጆች መጻሕፍትም እንፈልጋለን፤ ያገለገሉ ቢሆኑም ግድ የለም።

ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ያላችሁ ደግሞ በጣም ታስፈልጉናላችሁ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ከልጅ አጠገብ መቀመጥ የምትችሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ ኑልን። ጥርት ያለ ድምፅ ያላችሁም የቃላትና የአጫጭር ታሪኮች ቀረጻ ላይ አግዙን።

ገንዘቡን የሚይዘው እድሩ ነው። ወጪ የሚደረገው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ የተማሪ ወላጅ ናት። የተሰበሰበውና የወጣው በየወሩ እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በምትሰጡት ገንዘብ ልክ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ያለ ደረሰኝ ለማንም እንዳትሰጡ።

አዘዞም ማራኪም ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ውጭ አገርም ያላችሁ የጎንደር ልጆች፣ የቻላችሁትን አድርጉልን። ከአገር ቤት ውጭ ያላችሁ በዘመድ በኩል ላኩ። ታብሌት የምትሰጡ ቻርጀሩን አብራችሁ ስጡን፤ ፎቶና መልእክታችሁን አጥፉ፤ የይለፍ ቃሉንም አንሱት። ስክሪኑ የተሰነጠቀም ቢሆን ንክኪው እስከሠራ ድረስ እንቀበላለን። ድጋፍ ይዛችሁ ለምትመጡ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ክፍሉ ክፍት ነው።