ስለ ሞንጎሎቹ ለጠየቅሽኝ

ውድ እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። ጉልበቷን ቢያማትም ጨዋታዋ አልደከመም፤ "ያቺ ልጅ የት ገባች?" እያለች ስምሽን ሳታነሳ አትውልም። መጥፋቱ የሁለታችንም ነውና፣ ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ትተን ወደ ጨዋታችን እንመለስ።

በመጨረሻ የጻፍሽልኝ ስለ ትልቁ ልጅሽ ነበር። በጌም ሞንጎል ሆኖ ቻይናን ሲያተራምስ ውሎ፣ እራት ላይ "እማዬ፣ በግ ጠባቂዎች ያን ሁሉ አገር እንዴት አሸነፉ?" ብሎ ጠየቀሽ። አንቺም "የታሪክ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ፣ መልሺለት" ብለሽ ወደ እኔ ወረወርሽው። በስልክ ሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ይኸው ደብዳቤ ሆኖ መጣ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ፤ ልጁ ከመጽሐፉ ጋር ሲያስተያይ እንዳይምታታበት።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ያኔ ቻይና አንድ አገር አልነበረችም። ደቡቡ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ነው። ሰሜን ምዕራቡን ታንጉቶች ሺያ በሚባለው መንግሥታቸው ይዘውታል። የዛሬዋን ቤጂንግ ጨምሮ ሰፊው ሰሜን ደግሞ የጂን ሥርወ መንግሥት ነበር። የጂን ገዥዎች ራሳቸው ከማንቹሪያ ደን የወረዱ፣ ጁርቼን የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው፤ በ1115 መንግሥት መሠረቱ፣ በ1125 ከእነሱ በፊት ሰሜኑን ይገዙ የነበሩትን የኪታኖችን መንግሥት አጠፉ፣ በ1127 የሶንግን ዋና ከተማ ካይፈንግን ነጠቁ። በ1207 ሕዝባቸውን ሲቆጥሩ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። ሞንጎሎችስ? ሕፃን ሽማግሌው ተደምሮ አንድ ሚሊዮን መድረሳቸው እንኳ ያጠራጥራል። ጀንጊስ ካን በ1206 በኦኖን ወንዝ ዳር ሲነግሥ ሕዝቡን ያደራጀው በአሥር አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሻለቃ ነው፤ ሻለቆቹ 95 ነበሩ።

የተለመደው መልስ ፈረስና ቀስት ነው። ውሸት አይደለም። አንድ ሞንጎል ሲዘምት ሦስት አራት ቅያሪ ፈረስ ያስከትላል፤ የሸሸ መስሎ ጠላቱን ከምሽጉ ያስወጣና ዞሮ ይለቅመዋል። ጀቤ የሚባለው የጦር አዝማች ከቤጂንግ በስተሰሜን ያለውን የጁዮንግ በር ያስከፈተው በዚሁ ዘዴ ነው። ነገር ግን ፈረስ ቅጥር አይዘልም። በ1209 የሺያን ዋና ከተማ ከበው አልሆን ሲላቸው የቢጫ ወንዝን ውኃ አዙረው ሊያሰጥሟት ሞከሩ፤ ግድቡ ተደረመሰና ጎርፉ የራሳቸውን ሰፈር አጥለቀለቀው። የሺያው ንጉሥ በመጨረሻ ልጁን ድሮ ገበረ እንጂ ከተማዋ በጦር አልተያዘችም። ደግሞ ጂን ከ1211 እስከ 1234 ድረስ 23 ዓመት መዋጋቱን ልብ በይ። ማዕከላዊ እስያን የሚገዛው ታላቁ የኽዋራዝም መንግሥት በ1219 ተወርሮ በሁለት ዓመት ገደማ ነው የፈራረሰው።

የእኔ መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ ጂንን የጣለው ከጂን ጓዳ የወጣ ሰው ነው።

ከደጁ ልጀምርልሽ። ጂኖች የሰሜን ድንበራቸውን ቦይና ካብ ሠርተው ኦንጉት ለሚባሉ የድንበር ጎሣዎች በአደራ ሰጥተው ነበር። የኦንጉቶቹ አለቃ ግን ከጀንጊስ ካን ጋር ቀድሞ ተወዳጅቷል። በ1211 ሞንጎሎች ሲመጡ ደጁ ላይ "ማን ነህ?" ያላቸው የለም። ጀንጊስ ካን ልጁን አላቃይን ለዚያ ቤት መዳሩ የዚሁ ውለታ ነው።

ከዚያ የጂን ጦር የዱር ቀበሮ ሸንተረር በሚባለው ስፍራ ጠበቃቸው። የጂኑ አዝማች ሺሞ ሚንግአን የሚባል ኪታን መልእክተኛ አድርጎ ወደ ጀንጊስ ካን ላከ። መልእክተኛው በዚያው ቀረ፤ የላኩትን ሰዎች የጦር አሰላለፍም ነገራቸው። ሞንጎሎች ያን ጦር ደመሰሱት። ከአራት ዓመት በኋላ የጂንን ዋና ከተማ ጆንግዱን፣ ማለትም የዛሬዋን ቤጂንግ፣ ከከበቡት አዛዦች አንዱ ይኸው ሺሞ ሚንግአን ነው። በ1212 ደግሞ በሊያውዶንግ በኩል ሌላ ኪታን፣ የሉ ሊውገ፣ አመፀ። በ1213 ሺ ቢንግጂ የተባለ ቻይናዊ ባላባት በሺዎች የሚቆጠር የአካባቢውን ሰው ይዞ ሙቃሊ ለሚባለው የጀንጊስ ካን የጦር አዝማች ገባ፤ ልጁ ሺ ትየንዘ እስከ 1270ዎቹ ድረስ ለሞንጎሎች ጦር መርቷል። በ1217 ጀንጊስ ካን ወደ ምዕራብ ሊዞር ሲል ሰሜን ቻይናን ለሙቃሊ ትቶለት ሄደ። የሰጠው የሞንጎል ጦር ግን 20 ሺህ ቢያልፍ በጥቂቱ ነው፤ የቀረው ኪታንና ቻይናዊ ነበር።

"ባንዳ" ለማለት አትቸኩዪ። ለኪታኑ ጂን ትናንት አገሩን የቀማው ነው። ለቻይናዊው ገበሬም ጁርቼኑ ጌታ ባዕድ ነበር። ቤተ መንግሥቱስ ቢሆን ምን የሚታመን ነገር ነበረው? በ1213 ሁሻሁ የሚባል፣ ቀደም ብሎ ዳቶንግ የምትባለውን ከተማ ጥሎ የሸሸ ጄኔራል ንጉሡን ገድሎ ሌላ አነገሠ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ እሱንም ሌላ ጄኔራል ገደለው። ይኼኛው በጦርነት ተሸንፎ የመጣ ስለነበር፣ ሳይቀጡኝ ልቅደም ብሎ ነው። አዲሱ ንጉሥ ሹዋንጾንግ በ1214 ልዕልት፣ ወርቅ፣ ሐርና 3,000 ፈረስ ሰጥቶ ሰላም ገዛ፤ ከዚያም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ካይፈንግ ሄደ። በመንገድ ላይ ያደረገውን ስሚ፤ አጅበውት የሚሄዱትን የኪታን ወታደሮች ፈረሳችሁንና ጥሩራችሁን መልሱ አላቸው። ወታደሮቹ አዛዣቸውን ገድለው ተመለሱና ለሞንጎሎች ገቡ። የሚጠብቅሽን ሰው ትጥቅ መንገድ ላይ ትገፊያለሽ? ጆንግዱ በ1215 ስትወድቅ ጀንጊስ ካን በቦታው እንኳ አልነበረም። የከተማው ጠባቂ ሹም መርዝ ጠጣ።

ከሁሉም የሚገርሙኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በ1190 ተወለዱ። የሉ ቹጻይ ከኪታን ነገሥታት ዘር የተገኘ ነው፤ አባቱም አያቱም የጂን ሹማምንት ነበሩ፤ እሱም በከበባው ጊዜ ጆንግዱ ውስጥ ነበር። በ1218 ጀንጊስ ካን አስጠርቶ "ጂን የወገንህ ጠላት ነው፤ ደምህን መለስኩልህ" አለው። ሰውየው ግን አባቴም አያቴም ያገለገሉትን ጌታ እንዴት ጠላት ልለው እችላለሁ ብሎ መለሰ። ጀንጊስ ካን ወደደው፤ ከአጠገቡም አልለየውም።

በጀንጊስ ካን ልጅ በኦጎዴይ ጊዜ አንድ ሹም "እነዚህ ቻይናውያን ለምንም አይጠቅሙንም፤ እናስወግዳቸውና መሬታቸው ግጦሽ ይሁን" የሚል ሐሳብ አመጣ። በዚያ ሸንጎ ስለ ርኅራኄ ማውራት ከንቱ እንደነበር የሉ ቹጻይ ያውቃል። ስለዚህ ሒሳብ አቀረበ፤ ግብር በሥርዓት ከተሰበሰበ በየዓመቱ 500 ሺህ አውንስ ብር፣ 80 ሺህ ጣቃ ሐር፣ ከ400 ሺህ ጆንያ በላይ እህል አገባለሁ አለ። ሐሳቡን ተቀበሉት፤ በ1231 ብሩና ሐሩ ኦጎዴይ ፊት ተዘረጋ። ሰውየውን በሐሳቤ ሳየው የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ደግነቱን ሁሉ በግብር መዝገብ ጠቅልሎ ነው የሚያቀርበው።

ሁለተኛው ባለቅኔው ዩዋን ሃውወን ነው። በ1214 ሞንጎሎች የትውልድ ከተማውን ሲያጠፉ ወንድሙን ገድለውበታል። በኋላ ካይፈንግ ላይ የጂን ሹም ሆኖ ሳለ የመጨረሻው ከበባ መጣ።

ወደ ከበባው ከመግባቴ በፊት ስለ ወንየን ቸንሀሻንግ ልንገርሽ፤ ልጅሽ የሚወደው እሱን ነው። ጦሩ "የታማኞች ጦር" ይባል ነበር፤ ብዙዎቹ ከሞንጎሎች አምልጠው የመጡ ኡይጉሮች፣ ናይማኖችና ሌሎች ናቸው። መክዳት ወዲህም ይሠራል ማለት ነው! በአንድ ውጊያ በ400 ፈረሰኛ 8,000 ሞንጎል መለሰ። በ1232 ክረምት ግን የኦጎዴይ ወንድም ቶሉይ በሶንግ ምድር አቋርጦ ከጀርባ መጣ። የጂን ጦር ሦስት ጫፎች በሚባለው ተራራ ላይ በረዶ እየወረደበት፣ ሳይበላ ሰነበተ፤ ሞንጎሎች ሆን ብለው ማምለጫ መንገድ ከፈቱለትና በዚያው ጨረሱት። ቸንሀሻንግ ተደብቆ ከቆየ በኋላ ራሱ ወጥቶ ወደ ቶሉይ ድንኳን ሄደ። በግርግር ብሞት ከዳ ይሉኛል፤ በግልጽ ልሙት አለ። እግሩን ሰበሩት፤ አልንበረከክ አለ። ሞንጎሎቹ የባዝራ ወተት መሬት ላይ አፍስሰው፣ ዳግም ከተወለድክ ከእኛ ዘንድ ተወለድ ብለው ጸለዩለት።

ካይፈንግን የከበበው ሱቡታይ የሚባለው የሞንጎል አዝማች ነው። ውስጥ ያሉት ባሩድ የተሞላ የብረት ማሰሮ ይወረውሩ ነበር፤ ድምፁ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰማል ተብሎ ተጽፏል። ሞንጎሎች በበሬ ቆዳ ተሸፍነው ግንቡን ከሥሩ ሲቆፍሩ፣ ማሰሮውን በሰንሰለት አውርደው ያፈነዱባቸዋል፤ ሰውም ቆዳም አይገኝም። ቅጥሩ ጸና። ከተማዋን የጎዳት ወረርሽኝ ነው፤ የጂን ታሪክ በ50 ቀን ውስጥ ከ900 ሺህ በላይ አስከሬን በበሮቿ ወጣ ይላል። ቁጥሩ የተጋነነ ይመስለኛል፤ ግማሹም ቢሆን ግን ይዘገንናል። ንጉሡ አይጾንግ ጥሏት ወጣ። በ1233 መጀመሪያ ስዊ ሊ የሚባል የጦር ሹም ሥልጣኑን በጉልበት ያዘና ከተማዋን ለሱቡታይ አስረከበ። ሞንጎሎች ሲገቡ መጀመሪያ የዘረፉት የማንን ቤት ይመስልሻል? የስዊ ሊን።

ከዩዋን ሃውወን ስም ጋር ከዚያ ሰሞን ሁለት ጽሑፎች ይነሳሉ። አንደኛው ስዊ ሊ ለራሱ ያሠራው የምስጋና ሐውልት ጽሑፍ ነው፤ እጁ እንዳለበት ተወርቶ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲታማበት ኖረ። ሁለተኛው ለየሉ ቹጻይ የላከው ደብዳቤ ነው። 54 የተማሩ ሰዎችን በስም ዘርዝሮ፣ እነዚህን አትርፋቸው አለው። አስቢው፤ የጠላት ቤተ መንግሥት ውስጥ ላለ ሰው መጻፍ! በሐውልቱ የሚወቅሱት ሰዎች ይህን ደብዳቤ ከሚዛኑ ማውጣት የለባቸውም እላለሁ። የሉ ቹጻይም በበኩሉ፣ ከተማ ከተቃወመ ሕዝቡ ይገደል የሚለውን የሞንጎል ደንብ ለማስቀረት ኦጎዴይ ፊት ቆመ። ሰው የሌለበት መሬት ምን ይጠቅማል፣ ባለሙያውና ባለሀብቱ ሁሉ እዚያ ነው ብሎ አሳመነ። ቅጣቱ በንጉሡ ቤተሰብ ላይ ብቻ ሆነ፤ 1 ሚሊዮን 470 ሺህ ሰው ተረፈ ይላል መዝገቡ። ዩዋን በኋላ ለሞንጎሎች አልሾምም ብሎ የትውልድ ቀዬው ገባ፤ በቤቱ የጠፋውን መንግሥት ታሪክ ሲለቃቅም ኖረ። ከመቶ ዓመት በኋላ የጂን ታሪክ በይፋ ሲጻፍ ከእሱ ስብስብ ብዙ ተወስዷል።

ንጉሡ አይጾንግ ሸሽቶ ሸሽቶ ሳይጆ በምትባል ከተማ ተዘጋ። እህል ለምኖ ወደ ሶንግ ላከ፤ "ሞንጎሎች ሺያን አጠፉ፣ አሁን እኛን፣ ቀጥሎ እናንተን ነው፤ ከንፈር ካለቀ ጥርስ ይበርደዋል" አላቸው። ሶንጎች እህሉን ለሞንጎሎች ላኩ፤ ጦርም ጨመሩበት። የካይፈንግ ቂም ከመቶ ዓመት በኋላም አልበረደላቸውም፤ ይህ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ ካይፈንግን ያጡት ራሳቸው ከጂን ጋር ሆነው ኪታኖችን ካስመቱ በኋላ መሆኑን እያወቁ መድገማቸው ነው። የካቲት 1234 ሳይጆ ስትወድቅ አይጾንግ ዙፋኑን ለአንድ ጄኔራል አስረክቦ ራሱን ሰቀለ፤ ተተኪው አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ተገደለ። ሶንጎች በዚያው በጋ ካይፈንግንና ሉዮያንግን ለማስመለስ ጦር አዘመቱ። ባድማ ከተማ ውስጥ የሚበላ አጥተው፣ በሞንጎል ተመትተው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ያለው እስከ 1279 ይወስደናል፤ ሶንግን የጨረሰው ጦርነት የመርከብም ነውና ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል። የሺ ትየንዘን ነገር ደግሞ በዚያኛው አስፋፍቼ እጽፍልሻለሁ።

እናቴ ሰላም በይልኝ ብላለች። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።

ያንቺው