የመስክ ካርታ ሥራ ከጂኦሎጂ ትምህርት እንዳይወጣ

ይድረስ የጂኦሎጂ ሥርዓተ ትምህርት ክለሳን ለምትመሩ ኃላፊዎች፣

በክለሳው ረቂቅ ላይ ተማሪዎች ተራራ ወጥተው የሚሠሩት የካርታ ሥራ በሳተላይት ምስልና በኮምፒዩተር ሞዴል ይተካ የሚለውን ሐሳብ እንደገና እንድታጤኑት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የፕሌት ቴክቶኒክስን፣ ማለትም የምድር ቅርፊት በሚንቀሳቀሱ ግዙፍ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው የሚለውን፣ ጠቅላላ ሐሳብ በክፍል ውስጥ ማስተማር እንደሚቻል አልክድም፤ የባሕር ወለል መስፋፋትን ያስረዳው የጂኦፊዚክስ ተመራማሪዎቹ የቫይንና የማቲውስ የ1963 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ራሱ የተመሠረተው በባሕር ላይ በተለካ የመግነጢስ መረጃ ነበር። የተራራ ሰንሰለት ውስጣዊ አወቃቀር ግን በዚህ መንገድ ብቻ አይጠናም።

በስዊዘርላንድ ግላሩስ ተራሮች ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው ቬሩካኖ የተባለው አለት፣ ከእርሱ እጅግ በሚያንስ ዕድሜ ደለል ላይ ተቀምጦ ይታያል። ስዊዘርላንዳዊው ጂኦሎጂስት አርኖልድ ኤሸር፣ ከእርሱም በኋላ ተማሪው አልበርት ሃይም፣ ይህን የተገለበጠ ቅደም ተከተል ከሰሜንና ከደቡብ ፊት ለፊት በተገናኙ ሁለት ግዙፍ እጥፋቶች አስረዱት። ፈረንሳዊው ማርሴል ቤርትራን በ1884 አንድ ሰፊ የአለት ንጣፍ በአንድ የግፊት ስንጥቅ (አንዱ አለት በሌላው ላይ ተገፍቶ በሚወጣበት ስንጥቅ) ላይ ተንሸራቶ እንደመጣ ጻፈ፤ ትክክሉም እርሱ ሆኖ ተገኘ። የረቂቁ አዘጋጆች «ቤርትራን እኮ ይህን የጻፈው ግላሩስን ሳይረግጥ ነው» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ይሁንና ሳይረግጥ ሊጽፍ የቻለው፣ በትርጓሜው የተሳሳተው ሃይም ገደሉን ሁሉ በእግሩ ዞሮ በጥንቃቄ ስሎ ስለቆየው ነው።

ተማሪ የስንጥቁን ገጽ በጣቱ ሲዳስሰው በአንድ አቅጣጫ ይለሰልሰዋል፣ በተቃራኒው ይሻክረዋል፤ ከዚህም ከላዩ የነበረው አለት ወዴት እንደሄደ ይረዳል። ኮምፓሱን በንብብሩ (በአለቱ ድርብርብ) ላይ አስደግፎ ዝንባሌውን ከመዘገበ በኋላ ጥቂት ተራምዶ ዝንባሌው ወደ ተቃራኒው ዞሮ ሲያገኘው፣ የእጥፋቱን አናት ተሻግሮ እንዳለፈ ያውቃል። ከጥፍር የማይበልጥ ጭረት በሳተላይት ምስል ላይ አይታይም።

ጉዳዩ ለሕይወትም የሚተርፍ ነው። ኔፓልን በ2015 የመታው በመጠን 7.8 የተለካው ርዕደ መሬት የተነሣው ከሂማላያ ሥር በጥቂት ዲግሪ ብቻ አዘንብሎ ከተጋደመ የግፊት ስንጥቅ ነበር። እንዲህ ያለውን የተሰወረ ስንጥቅ ቅርጽ ለመገመት የርዕደ መሬት መመዝገቢያና የጂፒኤስ መረጃ በገጽ ላይ ከተለካው የንብብር ዝንባሌ ጋር ይጣመራል፤ ዝንባሌውን አሳስቶ የለካ ሰው ከሥሩ ያለውንም አሳስቶ ይስላል።

የመስክ ሥራ ገንዘብ እንደሚፈጅ፣ አደጋም እንዳለበት አውቃለሁ፤ ሳምንታቱ ቢቀነሱ አልቃወምም። ነገር ግን እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ልኬት አንድ ካርታና አንድ የመሬት ቁርጥ ሥዕል (መሬቱ ወደ ታች ቢቆረጥ የሚታየውን አወቃቀር የሚያሳይ) ሠርቶ እንዲያስረክብ የሚያስገድደው አንቀጽ ይቆይ። የሳተላይቱን ምስል ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ያጥናው፤ ሲመለስም ከማስታወሻ ደብተሩ ጋር ያመሳክረው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስትራክቸራል ጂኦሎጂ መምህር