ለልጄ ለሊያ፦ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤትሽ

ውድ ልጄ ሊያ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የኦስቲዮፓቲ (አጥንትና ጡንቻን በእጅ እየዳሰሱ ማከምንም የሚጨምረው ሙያ) ሕክምና ትምህርት ቤት መግባትሽን የሰማ ዘመድ ሁሉ ተራ በተራ ደውሏል። አጎትሽ «ወጌሻ ለመሆን አሜሪካ ድረስ ምን አስኬዳት?» አለኝ። የለንደኗ አክስትሽ ደግሞ እዚያ ኦስቲዮፓት የሚባለው ሐኪም እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ስለ እንግሊዝ እውነቷን ነው። በአሜሪካ ግን መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል፣ በሃምሳውም ግዛት ሙሉ ሐኪም ነው አልኳት። አጎትሽን ብዙ አልተከራከርኩትም፤ የሙያው መሥራች አንድሩ ቴይለር ስቲል ራሱ በአንድ ወቅት «መብረቁ ወጌሻ» እያለ ነበር ራሱን የሚያስተዋውቀው!

ዕድሜዬን በነርስነት ስለ ጨረስኩ ነገሩን ሳላነብ ማለፍ አልሆነልኝም። ዓመቶቹን የምጽፍልሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስቲል በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር ቀበረ፤ በዘመኑ መድኃኒት ላይ የነበረው እምነትም አብሮ ተሸረሸረ። በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ከርክስቪል በተባለች ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ሲከፍት ሴቶችን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ተቀበለ። የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ሴት ያስገባው በ1945 ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ጄኔት ቦልስ በ1894 ተመርቃ አናቶሚ አስተማረች፤ ኋላም ከባለቤቷ ጋር ዴንቨር ላይ ትምህርት ቤት ከፈተች። ባለፈው በቪዲዮ ጓደኛሽን በደረቷ አስተኝተሽ፣ በሁለት አውራ ጣቶችሽ የጀርባዋን አጥንቶች ግራና ቀኝ እየዳሰስሽ የትኛው አልታዘዝ እንዳለ ስትፈልጊ ያየሁሽ ጊዜ፣ ያቺን ሴት አሰብኩ። አንቺ በምትማሪባት በፊላደልፊያ ደግሞ ሜታ ክሪስቲ በ1921 ተመረቀች፤ በሙያው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሐኪም ናት።

ታሪኩን ግን እንደ ተረት እንዳትወስጂው። በሩ የተከፈተው በቸርነት ብቻ አይመስለኝም። ሙያው ራሱ በሕክምናው ቤት እንደ እንጀራ ልጅ ይታይ ስለነበር፣ ተማሪ መርጦ ለመመለስ አቅሙ አልነበረውም። ሙያው እየተከበረ ሲመጣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሴቶቹ ከክፍሉ ተመናመኑ። ይህ ነው ያናደደኝ። ብዛታቸው እንደገና ያንሰራራው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ባርባራ ሮስ ሊ በ1993 ኦሃዮ ውስጥ የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ኮሌጅ ዲን ስትሆን፣ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤት የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። የዘፋኟ የዳያና ሮስ እህት ናት፤ አባትሽ ከጻፍኩት ሁሉ የወደደው ይህን ብቻ ነው። በ1897 የተመሠረተው የሙያው ማኅበር ግን ሴት ፕሬዚዳንት ያየው ገና በ2010 ነው።

እስቲ አንድ ነገር አጣርተሽ ጻፊልኝ፦ ከእናንተ ክፍል ሴቶቹ ስንት ናችሁ? ከአስተማሪዎቻችሁስ? ከዲኑ ቢሮ ውስጥስ? የመጨረሻውን ሳታጣሪ እንዳትመልሺልኝ።

እናትሽ