አምባሰልን በአምባሰል እንስማ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ምድር ባሉ ስፍራዎች ስም የሚጠሩ ሆነው ሳለ፣ የከተማው አድማጭ በአብዛኛው የሚያውቃቸው ከአዝማሪ ቤትና ከስልኩ ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። እየተዘዋወሩ መጫወት ለአዝማሪዎቻችን የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ የባህል ቢሮዎች የማሲንቆ፣ የክራርና የዋሽንት ተጫዋቾችን ጋብዘው አምባሰልን በአምባሰል ተራራ ግርጌ፣ ባቲን ደግሞ ከደጋ የወረደው ገበሬና ከአፋር ቆላ ግመሉን እየነዳ የመጣው አርብቶ አደር በሚገናኙበት የሰኞ ገበያ አቅራቢያ ቢያሰሙን መልካም ነው እላለሁ።

ድምፅ ማጉያ ግን ባይመጣ እመርጣለሁ። ከፈረስ ጭራ የተሠራው የማሲንቆ ነጠላ ክር በገላጣ ሜዳ ርቆ ስለማይሰማ፣ ነፋስ በማይመታው ጥግ ተጠጋግቶ ማዳመጥ ይበቃል፤ የታዳሚው ቁጥር ቢያንስም አይከፋም። ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ መድረኩ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ታዋቂዎች ብቻ እንዳይሰጥ ነው። በየሠርጉና በየደቦው የሚያዜሙት የአካባቢው ሰዎች ቅድሚያ ሊያገኙ፣ የድካማቸው ዋጋም እንደ እንግዶቹ ሁሉ ሊከፈላቸው ይገባል። የቀሩትን ሁለት ቅኝቶች፣ ትዝታንና አንቺሆዬን፣ በየደረስንበት ብንሰማቸው ግድ የለኝም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ