ክለቡን ገዝታችሁ ለሸጣችሁልን፦ የምስጋና መልእክት

ይድረስ በ2013 ገንዘባችሁን አዋጥታችሁ የፖርትስማውዝ እግር ኳስ ክለብን ለገዛችሁ ደጋፊዎች፣

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አማርኛ እንደማታነቡም አውቃለሁ። ግን ምስጋና ሳይነገር ሲውል ሲያድር ዕዳ ይሆናል። ስለ ዕዳ ደግሞ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ባርንስሊን 3 ለ 2 አሸንፋችሁ የሊግ ዋንን፣ የእንግሊዝን ሦስተኛ እርከን ማለት ነው፣ ዋንጫ ስታረጋግጡ፣ ከ12 ዓመት በኋላም ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ሻምፒዮንሺፕ፣ ስትመለሱ፣ ሁሉም አሰልጣኙን ጆን ሙሲንሆን አመሰገነ። ይገባዋል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው ኮኖር ሾኔሲም ይገባዋል። የኔ ምስጋና ግን ወደ ኋላ ሄዶ እናንተ ላይ ያርፋል። ክለቡን ስለገዛችሁ ብቻ አይደለም። ስለሸጣችሁትም ጭምር ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

እኛ ሩቅ ያለነው ፖርትስማውዝን ያወቅነው በናይጄሪያዊው አጥቂ በካኑ ነው። ሜይ 17 ቀን 2008 ዌምብሌይ ላይ ካርዲፍን 1 ለ 0 ረትቶ ኤፍኤ ካፕን ሲያነሳ ጎሏ የካኑ ነበረች። በሩብ ፍጻሜው ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድን ኦልድ ትራፎርድ ላይ ጥሎታል። የዩናይትድ በረኛ በቀይ ወጥቶ፣ ሪዮ ፈርዲናንድ ጓንት አጥልቆ ግብ ላይ ቆሞ፣ ሙንታሪ ፍጹም ቅጣት ምቱን ያገባበት ጨዋታ! ኡታካም ነበር፣ ዲዮፕም ነበር። አፍሪካውያኑ ስለበዙ ብዙዎቻችን ሳናስበው የፖምፒ (የፖርትስማውዝ ቅጽል ስም ነው) ሰው ሆነን ቀረን። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኤሲ ሚላን የክለቡ ስታዲየም ፍራተን ፓርክ ድረስ መጣ። ፖምፒ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ ሮናልዲንሆና ኢንዛጊ መጨረሻ ላይ አቻ አደረጉት። ስንበሳጭ ከረምን። የባሰው ከፊት እንዳለ ማን ነግሮን!

ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነበር። 20,000 ገደማ ሰው የሚይዝ አሮጌ ስታዲየም፣ በላዩ ላይ የትልቅ ክለብ ደሞዝ። ልዩነቱን የሚሞላው የባለቤቱ ኪስና ብድር ነው። ባለቤቱ እጁን ሲሰበስብ ሁሉም ነገር ይናዳል። ተናደም። በ2009/10 የውድድር ዘመን ብቻ አራት ባለቤቶች ተፈራረቁ። ጋይዳማክ ሸጠው። አል ፋሂም ስድስት ሳምንት ገደማ ይዞ አስተላለፈው። አል ፋራጅ ተቀበለ። ከዚያ አበዳሪው ቻይንራይ ተረከበው። የተጫዋች ደሞዝ በተደጋጋሚ ዘገየ። ፌብሩዋሪ 2010 ላይ ክለቡ በኪሳራ አስተዳደር ስር ገባ። ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው በሕግ አስተዳዳሪ ይሾምለታል ማለት ነው። አስተዳዳሪው ገዢ ካገኘ ክለቡ ይተርፋል፣ ካላገኘ ንብረቱ ተሸጦ ይዘጋል። ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ እያለ ይህ የደረሰበት የመጀመሪያው ክለብ ፖርትስማውዝ ነው። 9 ነጥብ ተቀነሰበትና ወረደ። በዚያው ዓመት ግን እየከሰረም ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ በቼልሲ 1 ለ 0 ተሸንፏል። እንዲህ ያለ ክለብ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹን ምስጋናዎች ላድርስ። ያኔ በአንድ ጊዜ ከሥራ ለተሰናበታችሁት የክለቡ ሠራተኞች፣ ቀርታችሁም ነገ ደሞዝ ይኑር አይኑር ሳታውቁ በር ስትከፍቱና ትኬት ስትቆርጡ ለነበራችሁት፣ ውለታችሁ አለብን። ተጫዋች ሲሄድ ጋዜጣ ይጽፍለታል። የእናንተን ስም ማንም አልጻፈም።

ሌሎችም አሉ። ክለቡ ሲከስር ገንዘባቸው ከቀረባቸው መካከል በየጨዋታው የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጡት በጎ ፈቃደኞች ድርጅትና የአካባቢው ስካውቶች ይገኙበታል። እንዴት ሆነ ብላችሁ አትገረሙ፤ የእግር ኳሱ ደንብ እንደዚያ ነው። ክለብ ሲከስር ለሌሎች ክለቦችና ለተጫዋቾች ያለበት ዕዳ በሙሉ ይከፈላል። ሌላው አበዳሪ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከዕዳው ከፊሉ ብቻ ነው። ሚሊዮን የሚያገኘው አጥቂ ሙሉ ይከፈለዋል፣ ፋሻ ይዞ ሜዳ ዳር የሚቆመው ግን እጁን አጨብጭቦ ይቀራል። ደንቡን የሚከላከሉለት ሰዎች ክለቦች እንዳይካካዱ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን ገንዘባችሁ ቀርቶም ቅዳሜ ቅዳሜ ለመጣችሁት በጎ ፈቃደኞች ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ከዚያ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። አዲስ ባለቤት መጣ፤ የእሱም ኩባንያ በ2011 መጨረሻ ወደቀ። በፌብሩዋሪ 2012 ክለቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ አስተዳደር ገባ። 10 ነጥብ ተቀነሰና ወደ ሊግ ዋን ወረደ። አስተዳዳሪው ትሬቨር በርች በዚያ ክረምት ነገሩን በግልጽ ተናገረ። ትልልቅ ደሞዝ ያላቸው ተጫዋቾች ኮንትራታቸውን ትተው ካልሄዱ ክለቡ ይዘጋል። አንድ በአንድ ሄዱ፣ ካኑም ጭምር። አንዳንዱ ቶሎ፣ አንዳንዱ ተከራክሮ ተከራክሮ። የሄዳችሁትንም አመሰግናለሁ፤ የተፈረመ ኮንትራት መተው ቀላል ነገር አይደለም። ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ቡድን ስላልነበረ ከየቦታው ተጫዋች ተለቃቅሞ ተፈረመ። እርስ በርስ ስማቸውን በቅጡ ሳይተዋወቁ ቦርንመዝን ገጥመው 1 ለ 1 ወጡ። በዚያ ዓመት ቡድኑ ከ20 በላይ ጨዋታ በተከታታይ ሳያሸንፍ ቆየ።

እንዲህ ያለ ክለብ ማን ይገዛል? እናንተ!

የደጋፊዎች ማኅበራችሁ አንድ አክሲዮን 1,000 ፓውንድ ብሎ ጥሪ አቀረበ። ለብዙዎቻችሁ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ብቻውን ያልቻለ ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ አንድ አክሲዮን ገዛ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ከ2,000 በላይ ሆናችሁ ተሸከማችሁት። አቅም ያላቸው ጥቂት ደጋፊዎች ከፍ ያለ ገንዘብ ጨመሩ። የከተማው ምክር ቤትም ብድር ሰጠ። ምክር ቤቱን በስሙ አመሰግናለሁ፤ በግብር ከፋይ ገንዘብ ለከሰረ ክለብ ማበደር ፖለቲከኛን ሊያስወቅስ ይችል ነበር።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ የስታዲየሙ ጉዳይ ነበር። ፍራተን ፓርክ በዕዳ መያዣነት የቀድሞው ባለቤት የቻይንራይ ኩባንያ እጅ ነበር። ክለቡን ገዝቶ ሜዳ ማጣት ይመጣ ነበር ማለት ነው። ዋጋው አላስማማ ብሎ ጉዳዩ ለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኤፕሪል 10 ቀን 2013 ዳኛው ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ተከራካሪዎቹ ተስማሙ። ስታዲየሙ በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ እናንተ ዞረ። ኤፕሪል 19 ቀን ክለቡ በይፋ የደጋፊዎቹ ሆነ። ይኸው ክለብ 10 ነጥብ ተቀንሶበት፣ በሊግ ዋን የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ወደ አራተኛው እርከን ወረደ። እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት እንኳ ግራ ይገባል!

ኦገስት ሲመጣ ደግሞ ጉድ አሳያችሁን። በሊግ ቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ከ18,000 በላይ ሆናችሁ ፍራተን ፓርክን ሞላችሁት። አራተኛ እርከን ላይ! ባለቤትነታችሁን ልታከብሩ። ኦክስፎርድ ዩናይትድ 4 ለ 1 ረምርሞአችሁ ሄደ። ውጤቱን ሳይ ሳቅኩ፣ ሳቄ ግን የፍቅር ነው። በማግስቱ "ባለቤቱ ይውረድ" ብሎ የሚጮህበት ሰው አልነበረማ። ባለቤቱ እናንተው ናችሁ።

አራቱን ዓመት በዝርዝር አልተርክም። ሰው የሚያስታውሰው ጎሉን ነው፤ እኔ የማመሰግናችሁ ግን ስለ ስብሰባው ነው። ስለ ሂሳብ ሪፖርቱ፣ ስለ ኮሚቴ ምርጫው፣ አጥቂ ግዙ ብሎ ለሚጮኸው የራሳችሁ ሰው "ገንዘብ የለም" ብላችሁ ስለመለሳችሁት መልስ። ከቀድሞዎቹ የወረሳችሁትን የተጫዋቾች ዕዳ ከፍላችሁ በ2014 ክለቡ ከዕዳ ነጻ መሆኑን አወጃችሁ። ያንን ዕዳ እናንተ አልተበደራችሁትም። ከፈላችሁት ግን። በ2016/17 የውድድር ዘመን የመጨረሻ ቀን ቼልተንሃምን 6 ለ 1 አሸንፋችሁ የሊግ ቱን ዋንጫ ከፕሊመዝ እጅ ነጠቃችሁ። ያ ዋንጫ በታሪካችሁ ከ1949 እና ከ1950 የሊግ ሻምፒዮንነት አጠገብ ይቀመጥ ይሆን? ለኔ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዚያው ዓመት የቀድሞው የዲዝኒ ኃላፊ ማይክል አይስነር ክለቡን ልግዛ ብለው መጡ። ዋጋው 5.67 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከዚያ በተጨማሪ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ክለቡ ውስጥ ለማፍሰስ ቃል ተገባ። እናንተም ማስላት ጀመራችሁ። ፍራተን ፓርክ አርጅቷል። ጥገናው ብዙ ሚሊዮን ይፈልጋል፣ ካልተጠገነ ደግሞ ለደህንነት ሲባል የሚገባው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። እናንተ ከትኬትና ከመዋጮ ያንን ማምጣት አትችሉም።

እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ሰው የሚፈተነው። በራሱ ገንዘብ ከሞት ያዳነውን ነገር፣ ስሙ በአክሲዮን ወረቀት ላይ የሰፈረበትን ክለብ፣ ለሌላ ማስረከብ። ያውም ካዩት ባለቤት በኋላ! ደሞ ባለሀብት? ደሞ የውጭ አገር ሰው? ብትሉ ማን ይፈርድባችሁ ነበር? እናንተ ግን ጠየቃችሁ፣ ተከራከራችሁ፣ ገዢውን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ መረመራችሁት። ከዚያ ድምጽ ሰጣችሁ። ከመቶ 80 ገደማው ይሸጥ አለ። የክለቡን ቅርስ የሚጠብቅ ቦርድ እንዲኖርም አደረጋችሁ፣ አርማውና ቀለሙ እንዳሻ እንዳይቀያየር። ኦገስት 3 ቀን 2017 ቁልፉን አስረከባችሁ።

ከናንተ በፊት የነበሩት ሲሸጡ ክለቡን የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። እናንተ ስትሸጡ ገዢው ለክለቡ ምን እንደሚያደርግ ጠየቃችሁ። ልዩነቱን ለማየት ቤሪ የተባለውን የእንግሊዝ ክለብ መጥቀስ ይበቃል። በ2018 መጨረሻ በ1 ፓውንድ ተሸጠ። በኦገስት 2019 አዲሱ ባለቤት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ባለመቻሉ ክለቡ ከሊጉ ተባረረ። ከ1885 ጀምሮ የነበረ ክለብ። ደጋፊው ድምጽ ሊሰጥ ቀርቶ የሚጠይቀውም አልነበረም።

የአይስነር ቤተሰብንም አመሰግናለሁ፣ ባጭሩ። ሰባት ዓመት ሊግ ዋን ላይ ስትንገታገቱ ዕዳ ሳይቆልሉ ቆይተዋል፣ ስታዲየሙንም አድሰዋል። አንዳንዶቻችሁ ቀርፋፋ ናቸው ብላችሁ ስታማርሩ እሰማ ነበር። እኔማ ቀርፋፋ ባለቤት ናፍቆኝ ነው የኖርኩት!

የመጨረሻው ምስጋናዬ በ2017 "አይሸጥ" ብላችሁ ድምጽ ለሰጣችሁት ነው። ስማችሁ በየትኛውም የድል ንግግር ላይ አይነሳም። ግን ስጋታችሁ እውነተኛ ነበር። አራት ባለቤት በአንድ ዓመት ያየ ሰው አምስተኛውን ቢጠራጠር ጥጋብ አይደለም። ገዢው ያን ሁሉ ጥያቄ የተጠየቀው፣ የቅርስ ቦርዱም የተቋቋመው፣ እናንተ ዝም ስላላላችሁ ይመስለኛል። ተሸንፋችሁም ክለቡን አልጣላችሁትም። አይስነር አንድ ቀን ሊሸጡ ሲነሱ ያው ጥያቄያችሁን ይዛችሁ እንደምትመጡ እተማመናለሁ። እባካችሁ አትቅሩ።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከሩቅ ያለ አንድ የፖምፒ ደጋፊ