የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አልነሳ ያለው ሰርቨር

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ነገር ሰርቷል ግን ልጆቹን ከልባቸው ይዞ ያቆያቸው አንድ ስራ ነው፣ እሱም የአንዱ አባላችን ቤት የነበረ ሰርቨር ተበላሽቶ እኛ ጋ መጥቶ መጠገኑ። የታይፒንግና የፕሮግራሚንግ ልምምዱ እንደ ሁልጊዜው ሄዷል፣ አዲስ የገቡትም ኮምፒውተር ፈቶ መግጠም ተምረዋል፣ እሱን በዚሁ ልለፈውና ወደ ሰርቨሩ ልሂድ።

ማሽኑ ተራ ዴስክቶፕ ኬዝ ውስጥ የተገጠመ፣ ሊነክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። ቤተሰቡ ፎቶውን፣ ቪዲዮውን፣ ዶክመንቱን ሁሉ እዛ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ቀንም ሌሊትም በርቶ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ጠፋ፣ ከዛ በኋላ ማብሪያው ሲጫኑት ፋኑ ትንሽ ዞር ይልና ይቆማል፣ በቃ ሌላ ነገር የለም። ገና ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ ግማሹ ልጅ «ማዘርቦርዱ ነው» (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ቦርድ)፣ ግማሹ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል» ማለት ጀመረ፣ ካቻቢቴ ያነሳም ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የጠየኳቸው ሌላ ነገር ነው፦ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ሌላ ቦታ ኮፒ አለው ወይ? የማሽኑ ባለቤት «ቲቸር ሁለት ዲስክ አለው እኮ፣ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላኛውም ላይ ይጻፋል» አለ። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን፣ ቢቆይም ይገባዋል ብዬ ነው የማምነው። ሬድ 1 የሚባለው ይሄ አሰራር አንድ ዲስክ ቢሞት ስራው እንዳይቆም ያደርጋል እንጂ ባክአፕ፣ ማለት ለብቻው የተቀመጠ መጠባበቂያ ኮፒ፣ አይደለም፣ ምክንያቱም አንድ ፋይል በስህተት ብታጠፋ ከሁለቱም ላይ እኩል ነው የሚጠፋው፣ ቫይረስ ቢገባም ሁለቱም ጋ ይገባል፣ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ተበላሽቶ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ቢለቅ ደግሞ ሁለቱንም ባንዴ ሊገላቸው ይችላል። ሌላ ክፍል ሁሉ ይተካል፣ ዲስኩ ላይ ያለው ፎቶ ግን ከየትም አይመጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ስራችን መጠገን አልነበረም፣ ሁለቱንም ዲስክ ነቅሎ ማውጣት ነበር።

ዲስኮቹን ጤነኛ መሆኑን በምናውቀው የክበቡ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ ሰካናቸው፣ ለማንበብ ብቻ፣ ምንም እንዳይጻፍባቸው አርገን። የሊነክስ ሶፍትዌር ሬድ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው የታየው፣ ዲስኩ ከየትኛውም ማዘርቦርድ ጋር አይታሰርም፣ ሌላ ሊነክስ ያለበት ማሽን ላይ ሰክተህ ታነበዋለህ። በሶፍትዌር ሳይሆን ለዚሁ ስራ በሚገጠም ሬድ ካርድ የተሰራ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ ያንኑ አይነት ካርድ ፍለጋ ይኬድ ነበር። አንደኛው ዲስክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ችግር ተነበበ፣ ሁለተኛው ግን አንዳንድ ቦታ ላይ እየቆመ አስቸገረ። ከደህናው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገለበጥን፣ የእያንዳንዱን ፋይል ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) ከኮፒው ጋር አስተያየን፣ ከዛ በኋላ ነው ሁላችንም ተረጋግተን ወደ ማሽኑ የተመለስነው።

ስራው ሁሉ በደብተር ነው የተመዘገበው፣ ይሄን የክበቡ ህግ አርጌዋለሁ። ምን አየን፣ ምን ጠረጠርን፣ ምን ቀየርን፣ ምን ሆነ፣ እና ሁልጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ነገር ባንዴ ቀይረህ ማሽኑ ቢነሳ የቱ እንደነበረ መቼም አታውቅም፣ ባይነሳ ደግሞ የባሰ ነው፣ የጨመርከው ክፍል ራሱ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ደብተሩን የያዘችው ብዙ የማትናገር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነች፣ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

በፓወር ሰፕላይ ጀመርን። ሳጥኑ ራሱ እንዳይከፈት አስጠንቅቄ ነው የጀመርነው፣ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ቻርጅ ሊይዙ ይችላሉ፣ የተማሪ ስራ አይደለም። ከውጪ ግን መፈተሽ ይቻላል፦ ከማዘርቦርዱ ለያይተን፣ ትልቁ ኮኔክተር ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ስናገናኘው ፋኑ ዞረ። ልጆቹ «ይሰራል!» ብለው ጮሁ። ግን ፋን መዞሩ ማስረጃ አይሆንም፣ ምንም ሸክም ሳይኖርበት ነው የተፈተሸው። ለሙከራ ብቻ የምንይዘው አሮጌ ማዘርቦርድና ዲስክ ላይ አገናኝተን በማልቲሜትር ስንለካው ቢጫው ሽቦ ላይ 12 ቮልት መሆን የነበረበት ከ11.4 በታች ወረደ። እንዲህ ያለ የቆየ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ የሚከተለው የኤቲኤክስ ስታንዳርድ የሚፈቅደው 5 ፐርሰንት ከፍና ዝቅ ነው፣ ከ11.4 እስከ 12.6 ማለት ነው፣ ይሄን ስሌት ልጆቹ ራሳቸው ቦርድ ላይ ሰሩት፣ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ የተማሩት ነገር እጃቸው ላይ ሲመጣ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ምትክ ፓወር ሰፕላይ ከሌላ የማይሰራ ኮምፒውተር ላይ አውጥተን መጀመሪያ በዛው መንገድ ፈተሽነው፣ ደህና ነበር። እዚህ ጋ ማንም ኮምፒውተር የሚነካ ሰው እንዲያውቀው የምፈልገው ነገር አለ። ሁለቱም ኬብላቸው የሚነቀል አይነት ናቸው፣ ሞዱላር የሚባሉት። የድሮው ኬብል ኬዙ ውስጥ በስርአት ተዘርግቶ ታስሮ ስለነበር አንድ ልጅ ኬብሉን እዛው ትቶ አዲሱን ሳጥን ብቻ ሊሰካበት ነበር፣ ቀዳዳው ሲታይ ልክክ ነው የሚለው። አስቆምኩት። በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ ስታንዳርድ ነው፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን አይደለም፣ እያንዳንዱ አምራች የራሱ አሰላለፍ አለው፣ አንዳንዴ ያው ብራንድ ሆኖ ሞዴሉ ሲለያይ እንኳን ይለያያል። 5 ቮልት የሚጠብቅ ዲስክ ላይ 12 ቮልት ቢመጣ በዛው አለቀለት። ልጁ ራሱ ሁለቱን ኬብል በማልቲሜትር ፈትሾ ሽቦዎቹ ቦታቸው የተለያየ መሆኑን ለክበቡ አሳየ፣ ከኔ ማስጠንቀቂያ ይልቅ የሱ ማሳያ ነው የተያዘላቸው።

ማሽኑ ተነሳ! ግን ደስታው ብዙ አልቆየም፣ ለሙከራ በፍላሽ ላይ የተጫነ ሊነክስ አስነስተን ትንሽ እንደሰራ ድንገት ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፣ አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ ቆይቶ። ሁለቱን ራም (ማሽኑ የሚሰራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዙት ክፍሎች) አንዳንዴ አብረው አንዳንዴ ለየብቻ እያስገባን ስንሞክር ነው የደብተሩ ልጅ የመጣችው። «ቲቸር፣ ሪስታርት ያደረገው ሁለቱም ራም ሲገቡ ወይ ይሄኛው ለብቻው ሲገባ ነው፣ ያኛው ለብቻው ሲሆን አንዴም አላደረገም» አለች። ሁላችንም ያየነው ነገር ነው፣ ጎን ለጎን ያስቀመጠችው ግን እሷ ነች። ታዲያ ራሙ ነው ወይስ የገባበት ስሎት? መልሱን ያገኘነው ቦታ በማቀያየር ነው፣ የተጠረጠረውን ራም ደህናው ወደነበረበት ስሎት፣ ደህናውን ወደ ተጠረጠረው። ችግሩ ከራሙ ጋር አብሮ ሄደ። ስሎቱ ቢሆን ኖሮ እዛው ይቀር ነበር። ለማረጋገጥ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት የሚባል ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ አስኬድነው፣ ጠዋት ስንመጣ ስክሪኑ በቀይ ኤረር ተሞልቷል። ደህናው ላይ ደግሞ አንድም የለም።

ምትክ ራም ሲፈለግ ደግሞ ሌላ ትምህርት መጣ። ማዘርቦርዱ ዲዲአር3 የሚባለውን የራም አይነት ነው የሚወስደው፣ 240 ፒን ያለው በ1.5 ቮልት የሚሰራ፣ ዲዲአር4 ግን 288 ፒን ነው በ1.2 ቮልት፣ ጠርዙ ላይ ያለችው ክፍተትም ቦታዋ ይለያል ስለዚህ እንግባ ቢሉትም አይገባም። የሚያሳስተው ሌላ ነው፣ አንድ ልጅ ያመጣው ራም ከትልልቅ ሰርቨሮች የወጣ ሬጅስተርድ የሚባለው አይነት ነበር፣ ዲዲአር3 ነው፣ ስሎቱም ውስጥ በደንብ ይገባል፣ ግን የዴስክቶፕ ማዘርቦርድ አይቀበለውም፣ አይነሳም። ራሙ ጤነኛ ነው ቦርዱም ጤነኛ ነው፣ አይግባቡም እንጂ። ሌላ ተፈልጎ ተገኘ።

የማዘርቦርዱ ባትሪም አልቆ ነበር፣ ሲአር2032 የምትባለዋ ክብ ባለ 3 ቮልት፣ ቀኑ በየጊዜው ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለስ ነበር። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ቀኑ ሲሳሳት ዌብሳይቶች ሰርተፊኬታቸው ልክ አይደለም እየተባለ አይከፈቱም፣ ማሽኑ የሰራውን የሚመዘግብበት ሎግም ቅደም ተከተሉ ይጠፋል። ቀየርናት፣ ባዮሱን (ማሽኑ ሲነሳ የሚጠቀምበትን መነሻ ቅንብር) እንደገና አስተካከልን።

መጨረሻ ላይ ዲስኩ። ሲቆም የነበረውን ዲስክ ስማርት ሪፖርቱን፣ ዲስኩ ስለራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን፣ ልጆቹ ማንበብ ተማሩ፦ ቁጥር 5 የተተኩ ሴክተሮች (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ ቦታዎች)፣ 197 ለማንበብ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁ፣ 199 ደግሞ በአብዛኛው የኬብል ችግር የሚያሳይ። የኛው 199ኙ ዜሮ ነው፣ 197ቱ ግን ባየነው ቁጥር ይጨምራል፣ ስለዚህ ኬብል በመቀየር የሚድን አይደለም። ምትክ ዲስኩ መጠኑ ቢያንስ እኩል መሆን አለበት፣ በጥቂት ሴክተር እንኳን ቢጎድል ሬዱ አይቀበለውም። አዲሱን ጨምረን ሬዱ ራሱን እንደገና ሲገነባ ፐርሰንቱን ቆመው ነበር የሚያዩት። ያን ጊዜ የቀረው አንድ ዲስክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለማቋረጥ ስለሚነበብ የተደበቀ ችግር ካለው የሚወጣው ያኔ ነው፣ ኮፒውን አስቀድመን ባንሰራ ኖሮ ማናችንም እንደዛ ተረጋግተን አናይም ነበር።

ሰርቨሩ አሁን ቤቱ ገብቶ እየሰራ ነው፣ ኤክስተርናል ዲስኩ ደግሞ ከዛ ቤት ውጪ ሌላ ዘመድ ጋ ተቀምጧል። ደብተሩ በክበቡ ሼልፍ ላይ አለ፣ ማንም ተማሪ መጥቶ ማንበብ ይችላል።

ለሚቀጥለው ዓመት ከባክአፕ ላይ ፋይል መመለስን እንለማመዳለን፣ ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ ይስራ አይስራ አይታወቅም። ለዚህም ለጥገናም ክፍሎች ያስፈልጉናል። ቤታችሁ የማይሰራ ኮምፒውተር ያላችሁ ወላጆች ብትሰጡን ደስ ይለናል፣ የሞተ ማሽን ውስጥ የሚሰራ ፓወር ሰፕላይ፣ ራም፣ ፋን ሊኖር ይችላል። ዲስኩን ግን አውጥታችሁ እናንተው ጋ አስቀሩት፣ ማውጣት ካልቻላችሁ ክበቡ በሚሰበሰብበት ሰዓት ኑ፣ ልጆቹ ፊታችሁ አውጥተው ይሰጧችኋል።