ለደንበኞቻችን፦ በሶላር ተከላ ዋጋችን ውስጥ ስለተካተቱት ዕቃዎች

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

«ፓኔሉም ባትሪውም ገበያ ላይ አለ፤ ታዲያ ቼንጅ ኦቨሩ (የኃይል ምንጭ ማቀያየሪያው) እና ወፍራሙ ሽቦ ለምን ተጨመረ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ደርሶናል። ዋጋውን ከፍ ያደረጉት እነሱ ስለሆኑ ማብራራት ይገባናል።

መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር የሚያስገቡ ጫኞች አሉ። ቤቱ ይበራል፤ ዋናው ብሬከር ካልወረደ ግን ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። 15,000 ቮልቱን አውርዶ ለቤት እንደሚያደርስ ሁሉ፣ ከቤት የመጣውንም መልሶ ወደ 15,000 ያወጣዋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። መብራቱ ድንገት ሲመጣ ደግሞ ኢንቨርተሩ ይቃጠላል። ቼንጅ ኦቨር ግን ቤቱን ከአንዱ የኃይል ምንጭ (ከዋናው መስመር ወይም ከኢንቨርተሩ) ሳያላቅቅ ከሌላው አያገናኝም። ስለዚህ ደንበኛው «ይቅርብኝ» ቢልም ያለ እሱ አንተክልም።

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኤሌክትሪክ ሥራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈቃዱን የሚቆጣጠረው አሁን የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። እኛም ብንሆን ልንተክል ስንመጣ መጀመሪያ የምስክር ወረቀታችንን ጠይቁን።

ሽቦውን በተመለከተ፦ 12 ቮልት ባትሪ 1,000 ዋት ሲሰጥ ከ83 አምፔር በላይ ይፈስሳል። ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የምንዘረጋው ባለ 25 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ሲሆን፣ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ለሶኬት የሚሆነው ባለ 2.5 ሽቦ እዚህ ቦታ ላይ ልባሱ ይቀልጣል።

መጠኑን የምንቀምረው በበጋ ሳይሆን በክረምት ፀሐይ ነው። አነስተኛ ፍሪጅ፣ ስድስት አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ ያለው ቤት በቀን 1,750 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በሐምሌ በቀን 4 የፀሐይ ሰዓት (ፓኔሉ በሙሉ አቅሙ እንደሠራ የሚቆጠርበት ሰዓት) ይዘን፣ 30 በመቶ ብክነት ስንቀንስ 625 ዋት ይወጣል፤ ስለዚህ ሁለት ባለ 350 ዋት ፓኔል እንተክላለን። በበጋው ስሌት ከዚህ ያነሰ የሚበቃ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ግን ባትሪው ሳይሞላ እያደረ በአጭር ጊዜ ይሞታል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ለዚሁ ቤት 12 ቮልት 300 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል። ሊቲየም ከሆነ 200 ይበቃል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚጎትት በዚህ ሲስተም አይሠራም።

ፓኔል ከሌላ ቦታ የምትገዙ ከሆነ ሜትር ያዙ። ርዝመቱን በስፋቱ አባዙና በላዩ የተጻፈውን ዋት ለካሬ ሜትሩ አካፍሉ። 200 አካባቢ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከ250 ካለፈ ጽሑፉን አትመኑ።

ለዳሰሳ ከመምጣታችን በፊት የዕቃዎቻችሁን ዋትና በቀን የሚሠሩበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ጠብቁን። ጣሪያው ላይ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ የሚጥል ዛፍ ወይም ፎቅ ካለም ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የተከላና ጥገና ክፍል